«ሰው እየሞተ ስለ ዓሣ ታወራለህ?»

ይህን ጽሑፍ ሳልጨርሰው የሚመጣልኝን አስተያየት አውቀዋለሁ፦ «ሰው እየሞተ አንተ ስለ ዓሣ ታወራለህ?» አዎ፣ አወራለሁ። ጥይት የሳተውን ሰው ነገ የሚጥለው የታጠበ ማሳና ባዶ መረብ ስለሆነ ነው።

ጦርነት ባሕርንና አጥማጅን እንደሚጎዳ ሲነሳ ሐሳባችን ወደ ቀይ ባሕር ይሄዳል። እውነት ነው። በየካቲት 2016 ዓ.ም. የሁቲ ታጣቂዎች የመቷት ሩቢማር የተባለች መርከብ ወደ 21 ሺህ ቶን የሚጠጋ ማዳበሪያ እንደያዘች ሰጠመች። ለቡሬ በቆሎ አምራች ያ ምን ያህል ሀብት እንደሆነ መንገር አያስፈልግም። የየመን አጥማጆች መረብ በሚጥሉበት ባሕር ሥር ተኝቶ ቀረ። ዓለም ጮኸ፤ እኛም ዜናውን አጋራን።

የእኛ ዳርቻስ የት ነው? ጣና ነው። የጣና ጉዳት ደግሞ የሚጀምረው ባሕር ዳር ሳይሆን ሰከላ ላይ ነው።

ከቡሬና ከጃቢ ጠህናን ጋር የምትዋሰነው ሰከላ የግልገል አባይ መነሻ ናት። ጣናን ከሚመግቡት ወንዞች ትልቁ እሱ ነው። «አባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» ይባላል። ግልገል አባይ ግን ማደሪያ አለው። ይዞት የሚወርደውን ሁሉ ጣና ላይ ያሳድረዋል። ይዞት የሚወርደውም የእኛን አፈር ነው።

አፈሩን የሚያቆመው እርከን ነው። እርከን ደግሞ አንዴ ተሠርቶ የሚተው ነገር አይደለም። በየዓመቱ በበጋው ጎርፍ የናደው ይካባል፣ ደለል የደፈነው ይጠረጋል። ይህም የሚሆነው የቀበሌው ሰው ተጠራርቶ በአንድነት ሲወጣ ነው። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በታወጀ በዘጠነኛው ቀን ፍኖተ ሰላም ላይ በደረሰው የአየር ጥቃት ቢያንስ 26 ሰዎች መሞታቸው ተዘገበ። እስኪ ንገሩኝ፣ ይህን ያየ ገበሬ ዶማ ይዞ ከመቶ ሰው ጋር ገላጣ ተራራ ላይ ይቆማል? ቢቆምስ ማታ «በማን ትእዛዝ ወጣህ? የማን ወገን ነህ?» ብሎ የሚጠይቀው አይጠፋም።

ወደ ሐይቁ እንውረድ። የጣና ነጭ ዓሣ በክረምት ወደ ወንዞቹ ሽቅብ ወጥቶ ጠጠር ላይ እንቁላሉን ይጥላል። ጠጠሩን ጭቃ ካለበሰው እንቁላሉ ታፍኖ ይቀራል። ከነጭ ዓሣ ዝርያዎች ብዙዎቹ ደግሞ በዓለም ላይ ከጣና በቀር ሌላ ቤት የላቸውም። በ2004 ዓ.ም. ገደማ ሐይቁ ላይ የታየው እምቦጭም የሚወፍረው ጎርፍ ከማሳ አጥቦ በሚያመጣለት ምግብ ነው።

ሁሉንም ጦርነቱ አመጣው አልልም። ነጭ ዓሣን በመራቢያው ወቅት ወንዝ አፍ ላይ ጠብቆ በመረብ ማፈስ ከጦርነቱ በፊት የነበረ ጥፋት ነው። ዓሣ ሀብትን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 315/1995 የወጣው እንዲህ ያለውን ለመግታት ነበር። ዛሬ ግን ባለሙያው ከወረዳ ከተማ መውጣት ከፈራ አዋጁን ማን ያስከብረዋል? ነዳጅ ሲጠፋ ጀልባ ይቆማል፤ መንገድ ሲዘጋ የተያዘው ዓሣ ይበላሻል። ከሁሉም በላይ የሚጎዳው ደንገል አጭዶ፣ ታንኳ ሠርቶ፣ በውኃው የሚያድረው የነገደ ወይጦ ቤተሰብ ነው። በክፉ ቀን አውጥቶ የሚሸጠው በሬ የለውም።

«መጀመሪያ እናሸንፍ፤ አፈርና ዓሣ በኋላ ይደረስበታል» የሚሉ በሁለቱም ወገን አሉ። አይደረስበትም! የፈረሰ ድልድይ ይሠራል፣ የተቃጠለ ቢሮ ይታደሳል። የሄደ አፈር ግን በድልም በድርድርም አይመለስም።

ሕጉም አለ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ አካባቢ የሁሉም ሰው መብት ነው ይላል። ኢትዮጵያ በ1986 ዓ.ም. የተቀበለችው፣ ለአገር ውስጥ ጦርነት የወጣው የጄኔቫ ስምምነቶች ሁለተኛ ተጨማሪ ፕሮቶኮልም በአንቀጽ 14 ሕዝብን ለማስራብ ሲባል የእርሻ መሬትን፣ ሰብልን፣ የመጠጥ ውኃንና የመስኖ ሥራን ማጥቃት ይከለክላል። ይህ መንግሥትንም ታጣቂንም ይመለከታል።

የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው። እርከን ሊሠራ የወጣ ገበሬ በማንም አይነካ፣ በማንም አይጠየቅ። የግብርናና የዓሣ ባለሙያው እንደ ሐኪም ታይቶ በሁለቱም በኩል ይለፍ። እምቦጭ ሊነቅል የወጣ ጀልባ አይታገድ፣ ነዳጁም አይወሰድ። ይህን ለመፍቀድ ማንም ማሸነፍ፣ ማንም መሸነፍ አያስፈልገውም። እንቢ የሚል ወገን ካለ ግን «ለሕዝቡ ነው የምዋጋው» የሚለውን ቃል ከአፉ ያውጣ።

«ሰው እየሞተ» ለምትሉኝ፦ እኔም የማወራው ስለ ሰው ነው። በዚህ ክረምት ግልገል አባይ ዳር የቆመ ሰው የውኃውን ቀለም ልብ ብሎ ይየው። ቀይ ሆኖ የሚወርደው የሰከላ ልጅ እንጀራ ነው፤ ታች ደርሶም የሚያፍነው የአጥማጁን ልጅ ራት ነው።