የመጨረሻው ገጽ የተቀደደበት መጽሐፍ

የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ፣ ባደግኩባት ከተማ ከመናኸሪያው ጀርባ መጽሐፍ የሚያከራይ ሰው ነበር። ለአንድ ቀን ሃምሳ ሳንቲም፤ ካሳደርክ ሌላ ሃምሳ። ከእሱ የተከራየሁት አንድ የወንጀል ልብ ወለድ እስከ ዛሬ ከራሴ አልወጣም። አንድ ሀብታም ሽማግሌ በገዛ ቤታቸው ተገድለው ይገኛሉ። ሌሊቱን በቤቱ ያደሩት ሰባት ሰዎች ሁሉም ተጠርጣሪ ናቸው። እናቴ መብራት አጥፋ ስትለኝ በሻማ ቀጠልኩ። ሊነጋ ሲል መርማሪው ሰባቱንም ሳሎን ሰብስቦ «ገዳዩ እዚሁ መካከላችን ተቀምጧል» አለ።

ከዚያ በኋላ ገጽ የለም። ተቀድዷል።

ጠዋት ሮጬ ሄድኩ። አከራዩ ሳቀብኝ። «አንተ ብቻ የጠየቅከኝ መሰለህ? ስኳር ጠቅልለውበት ይሆናል። እኔም ማን እንደገደላቸው አላውቅም» አለኝ። እኔ ግን በዚያው ቀን ፈረድኩ፦ ገዳዩ ሹፌሩ ነው። ዝምታው አላማረኝም ነበር።

ይህን ያስታወሰኝ ባለፈው ሰሞን አንድ የሙያ ባልደረባዬ የተናገረኝ ነው። ካፌ ውስጥ የአጋታ ክሪስቲን መጽሐፍ ይዤ አገኘኝና «አገር እንዲህ እየታመሰ አንተ የፈረንጅ ሬሳ ትቆጥራለህ?» አለኝ። ሳቅ ብዬ አለፍኩት፤ ነገሩ ግን አላለፈኝም። የዛሬው ጽሑፍ ለእሱ የዘገየ መልስ ነው።

*

መጀመሪያ አንድ ነገር እንስማማ። ይህን ዓይነት መጽሐፍ የሚወድ የፈረንጅ አንባቢ ብቻ አይደለም። በደርግ ዘመን ማሞ ውድነህ የተረጎማቸውና የጻፋቸው የስለላ መጻሕፍት ከእጅ ወደ እጅ ሲዞሩ ሽፋናቸው ያልቅ ነበር። ይልማ ሀብተየስ በወንጀል ምርመራ ልብ ወለዶቹ የራሱን አንባቢ አፍርቷል። የሲድኒ ሼልደን ትርጉሞች በየታክሲውና በየካፌው ተነበዋል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ» ደግሞ መጽሐፍ ገዝቶ የማያውቀውን ወጣት ሳይቀር መጽሐፍ አስገዝቶታል፤ ስንት ጊዜ እንደታተመ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። «ሕዝቡ አያነብም» እያልን ስናማርር፣ ሕዝቡ ልብ አንጠልጣይ ሲያገኝ እንቅልፉን ትቶ ያነባል።

ለምን? የተለመደው መልስ «ጊዜ ለማሳለፍ» ወይም «ሰው ደም ይወዳል» የሚል ነው። ሁለቱም አያሳምኑኝም። ደም ለሚወድ ሰው ፌስቡኩ ይበቃዋል፤ አራት መቶ ገጽ መታገስ አያስፈልገውም።

የፊልም ሰሪው አልፍሬድ ሂችኮክ የልብ ማንጠልጠልን ምሥጢር ያስረዳበት ምሳሌ አለ። ሁለት ሰዎች ጠረጴዛ ከበው ተራ ወሬ ያወራሉ እንበል። ከጠረጴዛው ሥር የተቀመጠው ቦምብ በድንገት ቢፈነዳ ተመልካቹ ለጥቂት ሰከንድ ይደነግጣል፤ አለቀ። ቦምቡ እንዳለና መቼ እንደሚፈነዳ ተመልካቹ አስቀድሞ ካወቀ ግን፣ ያ ተራ ወሬ እያንዳንዱ ቃል የሚያስጨንቅ ይሆናል። «ተነሡ እንጂ! ምን ታወራላችሁ!» ብሎ ይጮኻል።

ሂችኮክ ስለ ሲኒማ ነው ያወራው። እኔ ግን ምሳሌውን በሰማሁ ቁጥር ትዝ የሚለኝ የእኛ ኑሮ ነው። የዚህ አገር ዜና አንባቢ ከጠረጴዛው ሥር ያለውን እያወቀ ቡና የሚጠጣ ሰው ነው። ልዩነቱ አንድ ነው፤ መጽሐፉ መጨረሻ አለው።

*

የመርማሪ ልብ ወለድ ዕድሜው ረጅም አይደለም። አሜሪካዊው ኤድጋር አለን ፖ ፓሪስ ውስጥ የሚካሄደውን የመጀመሪያውን የመርማሪ ታሪኩን ያሳተመው በ1841 እ.ኤ.አ. ነው። የለንደን ፖሊስ የመርማሪዎች ክፍል ያቋቋመው በማግሥቱ ዓመት፣ በ1842 ነበር። ድርሰቱና መሥሪያ ቤቱ መንታ ሆነው ተወለዱ ማለት ይቻላል። ሁለቱም የሚሉት አንድ ነገር ነው፦ ጥፋተኛ የሚታወቀው በሹክሹክታ፣ በዘሩ ወይም በፊቱ ሳይሆን በማስረጃ ነው።

በ1930 ለንደን ውስጥ እነ አጋታ ክሪስቲ አንድ የመርማሪ ደራስያን ክበብ አቋቋሙ። አዲስ አባል ሲገባ ይምላል። መሐላው ቀልድ ያለበት ቢሆንም ቁም ነገሩ ትልቅ ነው፦ የፈጠርኩት መርማሪ ወንጀሉን በራእይ፣ በአስማት ወይም በአጋጣሚ አይፈታም፤ መርማሪው ያገኘውን ፍንጭም ከአንባቢው አልደብቅም።

እስቲ ይህን መሐላ ከእኛው ሌባሻይ ጎን አስቀምጡት። ልጁ የሚያሰክር መድኃኒት ይጠጣል፤ ወገቡን በመቀነት ታስሮ ይለቀቃል፤ እየተንገዳገደ የገባበት ቤት ባለቤት ሌባ ነው ይባላል። ምስክር የለ፣ ጥያቄ የለ፣ «እኔ እኮ ያን ቀን ገበያ ነበርኩ» የሚል መከላከያ የለ። ሌባሻይ በሕግ ከተከለከለ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ደህና የወንጀል ልብ ወለድ የሚያነብ ሰው ግን ሕጉ ለምን እንዳስፈለገ ሳይነገረው ይገባዋል። ምክንያቱም በመጀመሪያው ምዕራፍ የጠረጠረው ሰው በመጨረሻው ምዕራፍ ንጹሕ ሆኖ ሲገኝ በራሱ ላይ ደርሶ አይቶታል።

*

አሁን ወደ ሳሎኑ እንመለስ። መርማሪው ሁሉንም ተጠርጣሪ ለምን አንድ ላይ ይሰበስባል? ገዳዩን ብቻ ጠርቶ ካቴና ቢያጠልቅለት አይቀልም ነበር?

መልሱን ያገኘሁት ከአያቴ ወሬ ነው። በድሮው አገር አንድ ሰው ተገድሎ ወይም ከብት ተዘርፎ አጥፊው ካልታወቀ አፈርሳታ ይጠራል፤ አውጫጭኝም ይሉታል። ነዋሪው ሁሉ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል። የቀረ ይቀጣል። ያየ፣ የሰማ፣ የጠረጠረ ሁሉ እየማለ ይናገራል። አጥፊው ካልታወቀ ካሳውን አገሬው በጋራ ይከፍላል። ሥርዓቱን ላስውበው አልፈልግም፤ ድሃውን ከእርሻው አስቀርቶ ያጉላላ ነበር፣ ያልበላውንም ዕዳ ያስከፍለው ነበር። ግን አንድ ነገር ያውቅ ነበር፦ ያልታወቀ ወንጀል የሟች ቤተሰብ ጉዳይ ብቻ አይደለም። አጥፊው እስኪለይ ድረስ አገሬው በሙሉ ተጠርጣሪ ነው።

የክሪስቲ ሳሎን አፈርሳታ ነው። መርማሪው የአንዱን ስም ሲጠራ አንድ ሰው ይታሰራል፤ የቀሩት ስድስቱ ግን ነጻ ይወጣሉ። ባል ሚስቱን በጎን ማየት ያቆማል፤ ወንድም ከወንድሙ ጋር ቁርስ ይበላል። መጽሐፉን ስንዘጋ የሚሰማን ያ ዕረፍት ከቅጣት የሚመጣ አይመስለኝም። የሚመጣው ከእነዚያ ከስድስቱ ነው።

ይህን በመጽሐፍ ብቻ ብማረው ኖሮ ዝም እል ነበር። ከስምንት ዓመት በፊት በአንድ የክልል ከተማ አንድ የመጋዘን ጥበቃ ሌሊት ተገድለው ተገኙ። ዜናውን እኔ ነኝ የሠራሁት። አምስት መስመር ነበር፤ የመጨረሻው መስመር ሁላችሁም የምታውቁት ነው፦ ጉዳዩ በምርመራ ላይ ይገኛል። ያን ጊዜ ባለቤታቸው ስልኬን ተቀብለውኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ሙት ዓመቱ ሲቃረብ ይደውላሉ።

«ልጄ፣ ያ ነገር ወዴት ደረሰ?»

«እስካሁን አዲስ ነገር የለም፣ እትዬ።»

አንድ ጊዜ ብቻ ረዘም አድርገው አወሩኝ። «እንዲሰቀልልኝ ብዬ እኮ አይደለም። ማን እንደሆነ ልወቀው። በየቀኑ ደህና ዋልክ የምለው ሰው ይሆን? ለቅሶ መጥቶ ንፍሮዬን የበላ ይሆን? ሰፈሩን ሁሉ መጥላት ደከመኝ» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ የወንጀል ልብ ወለድ ቀልድ ሆኖ አልታየኝም። እትዬ የሚያስፈልጋቸው የመጨረሻው ገጽ ነው። ስድስቱን የሚፈታላቸው ገጽ። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ያ አምስተኛው መስመሬ አሳፈረኝ። «በምርመራ ላይ ይገኛል» ብዬ ጽፌ ተመልሼ የጠየቅኩት ስንት ጊዜ ነው? የሚመለከተውን ክፍል ሁለት ጊዜ ጠይቄያለሁ፤ ሁለት ጊዜም «ፋይሉ አልተዘጋም» ተብያለሁ። ሦስተኛ አልሄድኩም።

*

የመጨረሻ ገጹ የተቀደደው የተራ ሰው ፋይል ብቻ አይደለም። ከልብ አንጠልጣይ ልብ ወለዶቻችን አንዱ «ኦሮማይ» ነው። በዓሉ ግርማ በ1975 ዓ.ም. ያሳተመው፣ በቀይ ኮከብ ዘመቻ ጊዜ አሥመራ ላይ የሚካሄድ፣ ፍቅርና ስለላ የተጠላለፉበት መጽሐፍ። ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ተሰበሰበ። ደራሲው ከማስታወቂያ ሚኒስቴር ኃላፊነቱ ተነሣ። በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ፤ ቮልስዋገኑ ብቻ መንገድ ዳር ቆማ ተገኘች። ከአርባ ዓመት በላይ ሆነው። መጽሐፉ በ2017 ዓ.ም. በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ለዓለም አንባቢ ደርሷል። ደራሲው የት እንደደረሰ ግን ዛሬም የተረጋገጠ መልስ የለም። ያን ልብ ወለድ የጨረሰ ሰው የገጸ ባሕርያቱን ፍጻሜ ያውቃል፤ የጸሐፊውን አያውቅም። ልብ አንጠልጣይ የጻፈልን ሰው እኛኑ አንጠልጥሎ ቀረ።

*

ወዳጆቼ፣ እዚህ ላይ ለባልደረባዬ ግማሽ እውነት ልስጠው። ይህ ጉጉት አደጋም አለው። መልስ ያጣ ሰው ያገኘውን መልስ ይዞ ይሮጣል። አንድ ወንጀል በተሰማ በሰዓት ውስጥ ስልካችሁ ላይ የሚሆነውን ታውቃላችሁ፦ ፎቶ ይለጠፋል፣ ስም ይጠራል፣ ብሔር ይጠራል፣ «ፊቱን አይታችሁ አትፈርዱም?» ይባላል። በማግሥቱ ሰውየው ሌላ ሰው መሆኑ ቢታወቅ እንኳ ማስተካከያውን የሚያጋራ የለም። መቀነቱ ተፈትቶ የተለቀቀው ሌባሻይ ዛሬ በቲክቶክና በቴሌግራም እየተንገዳገደ ያገኘው ቤት ይገባል። ወገቡን የያዘ የለም።

ይህን የሚፈጥረው ግን የወንጀል ልብ ወለድ ማንበብ አይመስለኝም። ይልቁንም በአግባቡ አለማንበብ ነው። አምስተኛው ገጽ ላይ የፈረደ አንባቢ በሦስት መቶኛው ገጽ ያፍራል፤ ደራሲው ሆን ብሎ ያሳፍረዋል። ዝምተኛው፣ ፊቱ የማያምረው፣ ከሩቅ የመጣው ሁልጊዜ በመጀመሪያ ይጠረጠራል፤ ብዙ ጊዜም ንጹሕ ይሆናል። ይህን ሃምሳ ጊዜ ያነበበ ሰው አንድ ፎቶ ሲላክለት ቢያንስ «ቆይ፣ ያን ሌሊት የት ነበር?» ብሎ ይጠይቃል ብዬ አምናለሁ።

ስለዚህ ወንድሜ፣ አገር ሲታመስ የፈረንጅ ሬሳ የምቆጥረው ለዚህ ነው። «ማነው?» ብሎ መጠየቅን እንዳልረሳ። ሳልቸኩል መጠየቅን ደግሞ እንድለምድ። ከሁለቱ አንዱ ከጎደለ ወይ ፋይሉ ይዘጋል፣ ወይ ንጹሕ ሰው ይወገራል። እኛ ሁለቱንም አይተናል።

*

ያ የተቀደደው መጽሐፍስ? ከሁለት ዓመት በፊት አዲስ አበባ ውስጥ ከአንድ አሮጌ መጽሐፍ ነጋዴ መደርደሪያ ላይ አገኘሁት። ገጹ ሙሉ ነው። እዚያው ቆሜ የመጨረሻውን ምዕራፍ አነበብኩ። ርዕሱን አልነግራችሁም፤ ያላነበበ ይኖራል። ገዳዩ ግን ሹፌሩ አልነበረም። ሹፌሩ ዝም ያለው ሌላ ሰው ለማዳን ነበር። ስንት ዓመት ሙሉ በሐሰት ከስሼው ኖሬያለሁ።

የወረቀት ሰው ስለሆነ ይቅርታ አልጠየቅኩትም። መጽሐፉን ገዝቼ ወደ ቤት ስሄድ ግን እትዬ ደህና ዋልክ የሚሏቸው የሰፈሩ ሰዎች ትዝ አሉኝ። ከእነሱ መካከል ስንቱ ሹፌር ይሆን?

በዚህ ሳምንት ሦስተኛውን ጥያቄዬን ይዤ ወደዚያ ክፍል እሄዳለሁ። የሚሉኝን እጽፍላችኋለሁ።

ቸር እንሰንብት።