ከሃርድ ዲስኩ ጀርባ ያሉት ጥቂት ሴንቲ ሜትሮች

የሠርግ ቪዲዮ፣ የምርቃት ፎቶ፣ ከአዛውንቶች አንደበት በካፊ ኖኖ የተቀዳ ተረትና ታሪክ፣ የእኛው የመመረቂያ ጽሑፍ፤ ይህ ሁሉ ዛሬ በየስልኩና በየፍላሹ ተበትኖ ይገኛል። ስለዚህ ያገለገለ ዴስክቶፕ ገዝቶ፣ ሦስት አራት ሃርድ ዲስክ ጨምሮ የቤት ማከማቻ ኮምፒውተር ለመሥራት የሚያስብ የትምህርት ክፍላችን ተማሪ ቢኖር ሐሳቡ የሚደገፍ ነው።

ይሁን እንጂ እርስ በርስ የምንጠያየቀው ስለ ቴራ ባይቱ፣ ስለ ራሙና ስለ ፕሮሰሰሩ ብቻ ነው። ኬብሉስ? «እሱማ መጨረሻ ላይ እንደምንም ይገባል» እንላለን። በእኔ አስተያየት ዳታችንን የሚያስበላው ይሄ «እንደምንም» የምንለው ነገር ነው።

እስቲ ከልኩ እንጀምር። የዴስክቶፕ ሃርድ ዲስክ ርዝመት 14.7 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ኬዝ ስንመርጥ የምናየው ይህን ብቻ ነው። ነገር ግን ቀጥ ያለ የሳታ ኬብል ሲሰካ ጫፉ ወደ ውጭ ይወጣል፤ ኬብሉም ለመታጠፍ ቦታ ይፈልጋል። ሁለቱ ተደምረው 3 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ሊወስዱ ይችላሉ። የዲስክ መደርደሪያው ወደ ጎን በዞረበት ኬዝ ውስጥ መሰኪያው ፊቱን ወደ ጎን ክዳኑ ያዞራል። ክፍተቱ 2 ሴንቲ ሜትር ብቻ ከሆነ ክዳኑ የሚዘጋው በጉልበት ተገፍቶ ነው።

ከዚያ በኋላ ክዳኑ ኬብሉን፣ ኬብሉ ደግሞ መሰኪያውን ሌት ተቀን ይጫናል። መሰኪያው ትንሽ ካዘነበለ ዲስኩ አንዴ ይታያል፣ አንዴ ይጠፋል። የሚያሳዝነው ጥፋተኛ ተብሎ የሚጣለው ዲስኩ መሆኑ ነው። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ በተባለው ነጻ ፕሮግራም ላይ ሲ7፣ በሌሎች ደግሞ 199 ተብሎ የሚታይ መስመር አለ። በዲስኩና በማዘርቦርዱ መካከል ሲተላለፍ የተበላሸውን ዳታ የሚቆጥር ነው። ይህ ቁጥር እየጨመረ፣ 05 እና ሲ5 የተባሉት ግን ዜሮ ላይ ከቆዩ መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት ኬብሉ ነው። ኬብሉ ሲለወጥ የድሮው ቁጥር አይሰረዝም፤ መጨመሩን ካቆመ ግን በሽታው ተገኘ ማለት ነው።

የኤሌክትሪክ መስመሩ ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው። አንድ ዲስክ ሲነሳ ከ12 ቮልቱ መስመር 2 አምፔር ገደማ ይስባል። አራት ዲስክ በአንድ ርካሽ ማከፋፈያ ላይ ተሰክቶ፣ እሱም በክዳን ተጨፍልቆ የላላ እንደሆነ መገናኛው ይሞቃል፤ ሊቀልጥና እሳት ሊያስነሳም ይችላል።

«ታዲያ ክዳኑን ከፍተን ብንተወውስ?» የሚል አይጠፋም። በበጋ አቧራው፣ በክረምት እርጥበቱ፣ በማንኛውም ጊዜ በረሮው ይገባል። ፋኑ የሚስበውም አየር በዲስኮቹ መካከል ማለፉን ትቶ በተከፈተው ጎን ይገባል። ስለዚህ መፍትሔ አይሆንም።

መፍትሔው ቀላል ነው። አንደኛ፣ ኬዝ ከመግዛታችን በፊት ዲስክ ቦታው ላይ አስገብተን ከመሰኪያው እስከ ክዳኑ ያለውን ክፍተት በማስመሪያ እንለካ። ሁለተኛ፣ ክፍተቱ ጠባብ ከሆነ ጫፉ በ90 ዲግሪ የታጠፈ ኬብል እንጠቀም። የሚታጠፍበትን አቅጣጫ ግን አይተን እንግዛ፤ ወደ ታች የሚታጠፈው ከሥሩ ያለውን ዲስክ መሰኪያ ሊሸፍን ይችላል። ሦስተኛ፣ የሳታ ኬብል እስከ 1 ሜትር ቢፈቀድም ለኬዝ ውስጥ ብዙ ጊዜ ከ30 እስከ 50 ሴንቲ ሜትር ይበቃል፤ ትርፉ ተጠቅልሎ ክዳን ሥር የሚጨፈለቅ ነው። አራተኛ፣ አምስት ዲስክ በሚይዝ ኬዝ አራት አስገብተን አንዱን ቦታ ለኬብል መተው ኪሳራ አይደለም። አምስተኛ፣ መሰኪያው በደረጃው መሠረት የሚሰላው ለ50 ጊዜ ያህል መሰካትና መንቀል ነውና «እስቲ ልሞክረው» እያልን ደጋግመን አንንቀለው።

እዚህ ቦንጋ ሆነን ስናስበው ጉዳዩ ይከብዳል። ዲስክ ቢበላሽ ተተኪውን ከጅማ ወይም ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ ከምትገኘው አዲስ አበባ ማስመጣት ሊያስፈልግ ይችላል። የዲስኩስ ነገር በገንዘብ ይመጣል፤ ያለፉት አዛውንት ድምፅ ግን ከጠፋ አዲስ አበባም አይገኝም።

በመሆኑም በጥገና ኮርሳችን ላይ አንድ ዲስክ ሰክቶ ኮምፒውተር ማስነሳት ብቻ ሳይሆን፣ አራት ዲስክ በጠባብ ኬዝ ውስጥ ደርድሮ ክዳኑን ሳይገፉ መዝጋትም በተግባር ፈተና ቢካተት እላለሁ። ለዚህ የሚያስፈልገው አሮጌ ኬዝና አንድ ማስመሪያ ነው። መምህራኖቻችን ቢያስቡበት፣ እኛም ሳይቃጠል በቅጠል ብንል መልካም ነው።

ቸር ይግጠመን።