ጉዝጓዝ ለዶሮ ቅንጦት ነውን?

የቤት እንስሳ ሲባል አብዛኛውን ጊዜ ወደ አእምሯችን የሚመጡት በሬና ላም፣ በግና ፍየል፣ ፈረስና በቅሎ ናቸው። ዶሮ፣ ጫጩትና ጥንቸል ግን ከቤት ጥግ ወይም ከሣጥን ውስጥ ስለሚያድሩ ስለ ማደሪያቸው የሚጨነቅ ሰው ጥቂት ነው። ሲመሽ በቅርጫት ይከደናሉ ወይም ቆጥ ላይ ይወጣሉ፤ ሲነጋ ይለቀቃሉ። ከሥራቸው ያለው ነገር ደረቅ ይሁን እርጥብ፣ ንጹሕ ይሁን ቆሻሻ የሚጠይቅ አይገኝም። እንዲያውም ስለ ዶሮ ጉዝጓዝ አንሥቶ የሚናገር ሰው ቢኖር፣ «ሰው የሚለብሰው ሳይኖረው ለዶሮ ምንጣፍ!» ተብሎ ይሣቅበታል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሣቁ ተገቢ አለመሆኑን ማስረዳት ነው። እንስሳን በር ዘግቶ የሚያሳድር ሰው፣ እንስሳው የሚያድርበትን ስፍራ ደረቅ የማድረግ ግዴታ አለበት። ይህንንም ግዴታ ለመወጣት ከገንዘብ ይልቅ ትጋት ያስፈልጋል።

ነገሩን ከአንድ ስፍራ ጋር አያይዞ መመልከት ይጠቅማል። ደብረ ሲና ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው ጎዳና 190 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከጣርማ በር ግርጌ የምትገኝ ከተማ ናት። ከበላይዋ የመንዝ ደጋ አለ፤ ከበታችዋ ደግሞ መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ሸዋ ሮቢት ቆላ ይወርዳል። ከቆላው ተነሥቶ ተራራውን ሽቅብ የሚወጣው እርጥብ አየር እየቀዘቀዘ ሲሄድ ወደ ጉምነት ይለወጣል። ጉሙ አካባቢውን በሸፈነ ጊዜ የተሰጣ ልብስ ሳይደርቅ ይውላል፤ የቤቱም ወለል ይረጥባል። እንዲህ ባለ ስፍራ ጫጩትን የሚጎዳው ብርድ ብቻ አይደለም፤ ይበልጥ የሚያሠጋው ብርድና እርጥበት በአንድነት ሲመጡ ነው።

ይህ የሆነበት ምክንያት ግልጽ ነው። ዕንቁላል በታቀፈ በ21ኛው ቀን ገደማ የሚፈለፈል ጫጩት የሰውነቱን ሙቀት በራሱ መጠበቅ አይችልም። በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚደርስ ሙቀት ያስፈልገዋል፤ ከዚያ በኋላ ላባ እያወጣ ሲሄድ የሚፈልገው ሙቀት በየሳምንቱ በ3 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። እናቱ ካለች ከክንፏ ሥር ገብቶ ይሞቃል። ሆኖም የተቀመጠበት መሬት እርጥብ ከሆነ፣ ከላይ ያገኘውን ሙቀት ከታች ያጣዋል። ለስላሳው የጫጩት ጠጉር ደግሞ አንድ ጊዜ ከራሰ ሙቀት መያዙን ያቆማል።

ከዚህም ሌላ እርጥብ ጉዝጓዝ የበሽታ መናኸሪያ ነው። ኩስ ከእርጥበት ጋር ሲዋሐድ አሞኒያ የተባለው ጋዝ ይወጣል፤ ዓይንን የሚያቃጥለውና አፍንጫን የሚሰነፍጠው ሽታ እርሱ ነው። ይህ ጋዝ የዶሮዎቹን ዓይንና የመተንፈሻ አካል ይጎዳል። ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ የሚያስከትለው ኮክሲዲዮሲስ የሚባለው በሽታም የሚዛመተው በእርጥበት ነው። የበሽታው ተሕዋስ ከታመመ ዶሮ ኩስ ጋር ከወጣ በኋላ ሌላውን ለመበከል እስኪበቃ ድረስ እርጥበትና ሙቀት ያስፈልገዋል። ጉዝጓዙ ደረቅ ከሆነና ቶሎ ቶሎ ከተለወጠ ግን የተሕዋሱ ብዛት ይቀንሳል። ጫጩቶቹ ከታመሙ ወዲያ መድኃኒት ፍለጋ ከመሮጥ አስቀድሞ ሥራቸውን ማድረቅ ይሻላል። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚባለውም ለእንዲህ ያለው ጉዳይ ነው።

ጉዳዩ ትንሽ መስሎ የሚታየን የዶሮን ዋጋ ከበሬ ዋጋ ጋር ስለምናስተያይ ነው። ነገር ግን በገጠርም ሆነ በአነስተኛ ከተማ ዶሮ በአብዛኛው የእናቶችና የልጆች ሀብት ናት። በሬ ሲሸጥ ገንዘቡ ለግብርና ለትልልቅ ጉዳይ ይውላል፤ ዕንቁላል ሲሸጥ ግን ጨው፣ ሳሙና፣ ደብተርና እስክርቢቶ ይገዛበታል። አንዲት ዶሮ ከፈለፈለቻቸው ጫጩቶች አብዛኞቹ ሳያድጉ ሲያልቁ የሚጎድለው የአንድ ተማሪ የዓመት ደብተር ሊሆን ይችላል። እንግዲህ ጉዝጓዝ ቅንጦት ነው ከማለታችን በፊት በጉዝጓዝ እጦት የምናጣውን ነገር መመዘን ይገባናል።

በሌሎች አገሮች ሰዎች ለአነስተኛ እንስሳት ማደሪያ ምን እንደሚያነጥፉ ማወቅም ለእኛ ትምህርት ይሰጣል። በአውሮፓና በአሜሪካ ጥንቸልንና ጊኒ ፒግ የምትባለውን፣ ከአይጥ ዝርያዎች የምትመደብ እንስሳ ከሽቦ በተሠራ ቤት ውስጥ ማሳደግ የተለመደ ነው። ጊኒ ፒግን በጥንት ዘመን ያላመዷት በደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ተራሮች የሚኖሩ ሕዝቦች ሲሆኑ፣ በፔሩ ዛሬም ለምግብነት ትረባለች። እነዚህን እንስሳት የሚያሳድጉ ብዙ ሰዎች በሰጋቱራ ወይም በወረቀት ፈንታ ፍሊስ የተባለውን ጨርቅ ያነጥፋሉ። ፍሊስ በ1971 ዓ.ም. ገደማ በአሜሪካ፣ በማሳቹሴትስ ግዛት፣ ሞልደን ሚልስ በተባለ ፋብሪካ የተፈለሰፈ፣ ከፖሊስተር የሚሠራ ለስላሳ ጨርቅ ነው። ዛሬ ብዙዎቻችን የምንለብሰው ቀላል የብርድ ጃኬት የሚሠራው ከዚሁ ጨርቅ ነው።

የፍሊስ ጥቅም ያለው በአሠራሩ ነው። ጨርቁ ራሱ ውሃ አይጠጣም፤ በላዩ የወደቀውን እርጥበት ወደ ታች ያሳልፋል። ከበታቹ ደግሞ ውሃ የሚመጥ ሌላ ወፍራም ጨርቅ ይደረጋል። ስለዚህ እርጥበቱ ታች ሲቀር እንስሳው የሚረግጠው ገጽ ደረቅ ይሆናል። ጨርቁ ሲቆሽሽ ታጥቦ መልሶ ይነጠፋል።

ታዲያ ይህን ምንጣፍ በውጭ ምንዛሪ ማስመጣት አለብን ማለት ነውን? በፍጹም አይደለም። ልንቀስመው የሚገባን ዕቃውን ሳይሆን ዘዴውን ነው። ዘዴው በአጭሩ «ላዩ የሚያሳልፍ፣ ታቹ የሚመጥ» የሚል ነው። ለዚህ የሚሆን ዕቃ ደግሞ በሰሜን ሸዋ ሞልቷል። የመንዝ በግ ጠጉሯ ሻካራ ቢሆንም ለብርድ የታወቀ መከላከያ ነው። ሴቶች ጠጉሩን ይፈትሉታል፤ ወንዶች ሸምነው ባናና ዝተት ያደርጉታል። በ1950ዎቹ ዓመታት መጨረሻ ብርድ ልብስ የሚሠራ ፋብሪካ በደብረ ብርሃን የተቋቋመውም ያለ ምክንያት አይደለም። በዚያው ዘመን ገደማ የአካባቢውን በግ ጠጉር ለማሻሻል የሚሠራ የበግ ማራቢያ ጣቢያ በደብረ ብርሃን ሥራ ጀምሯል።

የበግ ጠጉር ከፍሊስ የሚለይበት ጠባይ አለው። ጠጉሩ የክብደቱን ሲሶ ያህል እርጥበት ከአየር ስቦ ሲይዝ እንኳ ሲዳሰስ እርጥብ አይመስልም፤ እርጥበቱን በሚስብበትም ጊዜ ጥቂት ሙቀት ይሰጣል። ፍሊስ በአንጻሩ ቶሎ ይታጠባል፣ ቶሎም ይደርቃል። ነገር ግን የፕላስቲክ ዘር ስለሆነ ከፍም ወይም ከኩራዝ አጠገብ ሲሆን ይቀልጣል፣ ይቃጠላልም፤ በታጠበ ቁጥርም ደቃቅ ክሮች ከውሃው ጋር ይሄዳሉ። ሲያልቅ አይበሰብስም። ያረጀ ባና ግን ከጭዱ ጋር ፍግ ሆኖ ማሳ ያዳብራል። ስለዚህ ያረጀ የፍሊስ ጃኬት በቤቱ ያለው ሰው ይጠቀምበት፤ የባና ቁራጭ ያለው ደግሞ ሌላ ፍለጋ አይድከም።

አሠራሩም ቀላል ነው። ከሣጥኑ ወለል ላይ የገብስ ወይም የጤፍ ጭድ አራት ጣት ያህል ይጐዘጐዛል። ጭዱ ደረቅ መሆን አለበት፤ የሻገተ ጭድ የጫጩትን ሳንባ ስለሚያሳምም አይጠቅምም። በላዩ ላይ ያረጀው ጨርቅ ይነጠፋል። የጨርቁ ጠርዝ ተቀምቅሞ መሰፋት ይኖርበታል፤ የተንጠለጠለ ክር የጫጩት እግር ሊጠልፍና ደሙን ሊያግድ ይችላልና። ያልተፈተለ ልቅ ጠጉርም በዚሁ ምክንያት አይነጠፍም። ልሙጥ ወረቀትም ቢሆን ለአዲስ ጫጩት ተስማሚ አይደለም፤ እግሩ ግራና ቀኝ እየተንሸራተተበት አንካሳ ሊሆን ይችላል። ሻከር ያለ ጨርቅ ግን መቆሚያ ይሆነዋል። ሁለት ጨርቅ ቢዘጋጅ አንዱ ሲነጠፍ ሌላው ታጥቦ ፀሐይ ይመታዋል። የዶሮ ጨርቅ ከሰው ልብስ ጋር አይታጠብም፤ ያጠበውም ሰው እጁን በሳሙና መታጠብ አለበት። ከሦስት ሳምንት በኋላ ጫጩቶቹ ስለሚጠነክሩ ጨርቁ ቀርቶ ጭድ ብቻ ይበቃቸዋል።

በዚህ ሐሳብ ላይ የሚነሡ ተቃውሞዎች መኖራቸው አይካድም። የመጀመሪያው፣ «ልብስ ያጣ ሰው እያለ ለእንስሳ ጨርቅ ማንጠፍ አይገባም» የሚለው ነው። ሰው ከእንስሳ እንደሚቀድም ማንም አይክድም። ሆኖም እዚህ የተነገረው ስለ አዲስ ብርድ ልብስ አይደለም፤ ተቀዶ ተጥፎ ከአገልግሎት ውጭ ስለሆነ ቁራጭ ነው። ሰው ሊለብሰው የሚችለውን ጨርቅ ለዶሮ የሚያነጥፍ ካለ፣ እርሱ ተቃዋሚዎች የሚሉት ቅንጦት ነው። ከሰው አገልግሎት የወጣውን ቁራጭ ግን ጥሎ ማበስበስ ብክነት እንጂ ቁጠባ ሊባል አይችልም።

ሁለተኛው ተቃውሞ፣ «አባቶቻችን ያለ ጉዝጓዝ ሲያረቡ ኖረዋል» የሚል ነው። ይህ አባባል አባቶችንና እናቶችን በሚገባ ካለመመልከት የመጣ ነው። ባለሙያ እናት ዶሮዋን ዕንቁላል ስታሳቅፍ በባዶ መሬት ላይ አታስቀምጣትም፤ በአሮጌ ቅርጫት ወይም በሰባራ እንስራ ውስጥ ጭድ ጐዝጕዛ፣ ከብርድና ከግርግር ራቅ ባለ ጥግ ታኖራታለች። ስለዚህ ጉዝጓዝ ከውጭ የመጣ ፈሊጥ አይደለም። የጎደለን ነገር ቢኖር፣ ለዕንቁላሉ ያደረግነውን ጥንቃቄ ጫጩቱ ከተፈለፈለ በኋላ ማቋረጣችን ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉ ይልቅ ክብደት ያለው ነው። በክረምት ፀሐይ ስለማትገኝ የታጠበ ጨርቅ አይደርቅም፤ ውሃ መቅዳትም ድካም ነው ይላሉ። ይህ እውነት ነው። በሐምሌና በነሐሴ ያልደረቀ ጨርቅ ከማንጠፍ ጨርቁን ጨርሶ መተው ይሻላል። በዚያን ጊዜ የጭዱን መጠን ጨምሮ የረጠበውን እያነሡ በደረቅ መተካት አማራጭ ይሆናል። በጅማ የግብርና ኮሌጅ ጥናት የተደረገበት የድርቆሽ ሣጥንም ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። በሣጥኑ ውስጥ የጫጩቶቹ ማደሪያ ዙሪያውን በድርቆሽ ስለሚከበብ፣ ያለ ኤሌክትሪክና ያለ ከሰል ጫጩቶቹ በገዛ ራሳቸው ሙቀት ያድራሉ። ከዚህ የምንረዳው ዕቃው እንደ ወቅቱ ሊለዋወጥ እንደሚችል ነው። የማይለወጠው ግን የማደሪያው መድረቅ ነው።

ከጥቅሙም ባሻገር መዘንጋት የሌለበት ቁም ነገር አለ። በጫካ የምትኖር ቆቅ መሬቱ ቢረጥብባት ተነሥታ ወደ ደረቅ ስፍራ ትሄዳለች። በሣጥን የተዘጋባት ዶሮ ግን ይህ ምርጫ የላትም፤ ምርጫዋን የወሰድንባት እኛ ነን። ዕንቁላሏንና ሥጋዋን ስለምንፈልግ ከቀበሮና ከሸለምጥማጥ ልንጠብቃት በሩን እንዘጋለን። በሩን በዘጋንበት እጅ ሥሯን ካላደረቅንላት ጠባቂነታችን ግማሽ ሆኖ ይቀራል። ይህ ግዴታ በደብረ ሲና ጫጩት ለሚያሳድግ ተማሪም ሆነ በሩቅ አገር ጊኒ ፒግ ለሚያሳድግ ልጅ እኩል ነው።

በጠቅላላው ሲታይ፣ ጉዝጓዝን ቅንጦት የሚያሰኘው የዋጋው መወደድ እንጂ መነጠፉ አይደለም። ጉዝጓዙ ከጭድና ከአሮጌ ባና ከተሠራ ወጪ የለውም፤ የሚጠይቀው የጧት ሩብ ሰዓት ብቻ ነው። ሣጥኑን ከፍቶ የረጠበውን ማንሣት፣ ደረቁን መተካት፣ ጨርቁን አራግፎ ማስጣት ለአንድ ተማሪ ከባድ ሥራ አይደለም። ይህን ሥራ በትጋት የሚሠራ ልጅ ጫጩቶቹ አድገው ዕንቁላል ሲጥሉ የድካሙን ዋጋ ያገኛል። ከዚያም በላይ፣ ለእርሱ በተሰጠ ፍጡር ላይ ኀላፊነት መውሰድን ይማራል።