የበልግ መዛባትና በደጋና በቆላ የተበታተነው ቤተሰብ

የበልግ ዝናብ ሲጓደል የሚጎዳው የደጋው ገብስ ብቻ ነው የሚል ግምት በብዙ ቦታ ይሰማል። ከአገሪቱ ዓመታዊ የሰብል ምርት የበልጉ ድርሻ ከመቶ ከ5 እስከ 10 ገደማ ነው መባሉም ለዚህ ግምት ምክንያት ሳይሆን አልቀረም። ሆኖም በወሎ ደጋዎች፣ በተለይም በደላንታ፣ በለጋምቦና በደሴ ዙሪያ፣ በክረምት መሬቱ ውሃ ስለሚቋጥርና የጥቅምትና የኅዳር ውርጭ እህሉን ስለሚመታው፣ ብዙው ገበሬ የዓመት ቀለቡን የሚጠብቀው በየካቲትና በመጋቢት ዘርቶ በሰኔና በሐምሌ ከሚያጭደው ገብስ ነው። ጉዳቱም በደጋው ላይ ብቻ አያበቃም።

በዚህ አካባቢ ቤተሰብ በአንድ መንደር ተሰብስቦ አይኖርም። ለምሳሌ ያህል አንድ የደላንታ ቤተሰብ እንውሰድ። ሽማግሌዎቹ ወላጆች በደጋ ገብስ ያርሳሉ። ሴት ልጃቸው ቃሉ ወረዳ ተድራ ከባሏ ጋር ማሽላ ታመርታለች። ወንዱ ልጅ ኮምቦልቻ የቀን ሥራ ይሠራል፤ ታናሽ እኅቱ ዓረብ አገር ሄዳለች። እንዲህ ያለ ቤተሰብ የማያውቅ የገበሬ ማኅበር መሪ ይኖራል ብለን አንገምትም።

ይህ መበታተን በደኅናው ዘመን ትልቅ ጥቅም አለው። የደጋው ገብስ በሐምሌ ሲደርስ የቆላው ጎተራ የሚራቆትበት ጊዜ በመሆኑ ገብሱ ወደ ታች ይወርዳል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ማሽላው ሲታጨድ ደግሞ ተራው የቆላው ይሆናል። ከብትም እንደ ሣሩ ሁኔታ በዘመድ ዘንድ በአደራ ይከርማል። በረዶ የአንዱን ሸንተረር አዝመራ ቢያወድም፣ አንዱን መትቶ ሌላውን ማለፍ ልማዱ ነውና፣ ካልተመታው ዘመድ ዘር ይገኛል።

የበልግ ድርቅ ጠባይ ግን ከበረዶ የተለየ ነው። በደጋው ገብሱን በሚያደርቅበት በዚያው ወቅት በቆላው በሚያዝያ መዘራት የሚገባውን፣ ለመድረስ ከ6 ወር በላይ የሚፈጀውን ማሽላ ያስቀራል። የዚህ ማሽላ ፍሬውም አገዳውም ብዙ ነው፤ አገዳው ለከብት መኖ፣ ለማገዶና ለአጥር ያገለግላል። ገበሬው በሐምሌ ጤፍ፣ በነሐሴ መጨረሻ ሽምብራ ቢዘራበትም የጎደለውን ሁሉ አይተካለትም። ከደጋም ከቆላም በሬና በግ በአንድ ጊዜ ወደ ገበያ ስለሚወርድ ዋጋው ይሰበራል። የኮምቦልቻውም ልጅ ቢሆን፣ ሥራ ፈላጊ ከየገጠሩ ሲጎርፍ የቀን ክፍያው ያንሳል፣ በአንዲት ክፍሉም የአጎት ልጆች ይደረቡበታል። ከዚህ ዝናብ ውጭ የሆነችው ዓረብ አገር ያለችው ብቻ ናት፤ እሷም የመሄጃዋን ዕዳ ገና ያልከፈለች ልትሆን ትችላለች።

በ1976 ዓ.ም በልጉ በቀረ ጊዜ የታየው ይኸው ነበር። በ1977 ዓ.ም መጀመሪያ በቆረምና በባቲ መጠለያዎች የተሰበሰበው ሕዝብ ዘመድ የሌለው ሕዝብ አልነበረም፤ ዘመዱም እንደ እርሱ ባዶ እጁን የቀረ ነበር። በ2007 ዓ.ም በልጉ ከቀረ በኋላ ክረምቱም በኤልኒኞ ምክንያት ተጓደለ፤ በታኅሣሥ 2008 ዓ.ም የምግብ እርዳታ ያስፈልገዋል ተብሎ የተገለጸው ሕዝብ 10.2 ሚሊዮን ደርሷል።

ከሁሉ ይልቅ ልናስብበት የሚገባው የጊዜው ጉዳይ ነው። የደጋው ጉዳት በሰኔ ዓይን ይገባል፤ የቆላው ግን እስከ ኅዳር ተሸፍኖ ይቆያል። በሰኔ ተረጂ የሚመዘግብ ኮሚቴ፣ የቃሉዋ ልጅ ጎተራ ገና እህል እንዳለው ሰምቶ «እነሱ እኮ ቆላ ልጅ አለቻቸው» በማለት ሽማግሌዎቹን ይሠርዛል። በ1997 ዓ.ም በተጀመረው የሴፍቲኔት መርሐ ግብርም ከዘመድ የሚገኝ ድጋፍ ከመመዘኛዎቹ መካከል ሲታይ ቆይቷል። መመዘኛው በራሱ ነቀፋ የለበትም። ችግሩ ያለው የአምናውን እህል የዘንድሮ አድርጎ በመቁጠሩ ላይ ነው። ልጅቱ ለወላጆቿ ጥቂት ቁና ሰፍራ ስትልክ የምታካፍለው ትርፏን አይደለም፤ በኅዳር የምታጭደው ማሽላ እንደሌላት እያወቀች የክረምት ቀለቧን ነው። ኅዳር ሲደርስ እሷ ራሷ ተቸጋሪ ሆና በሌላ ወረዳ መዝገብ ትቀርባለች።

ስለሆነም አንድ አባወራ ረዳት ዘመድ አለው ተብሎ ከመሠረዙ በፊት፣ ዘመዱ የት እንደሚኖርና ኑሮው በየትኛው ዝናብ ላይ እንደቆመ መጠየቅ ይገባል። የቆላውን ቀበሌ ሊቀ መንበር ማሳው በሚያዝያ ተዘርቶ እንደሆነ መጠየቅ በእጅ ስልክ የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው። የቆላ መሪዎችም እስከ ሚያዝያ መጨረሻ ዝናብ ካልጣለ የኅዳርን አዝመራ ሳይጠብቁ ያልተዘራውን ማሳ መዝግበው ለወረዳው ማሳወቅ ይኖርባቸዋል። እንደ መልካምና ተሻለ ያሉት ቶሎ የሚደርሱ የማሽላ ዘሮች በሐምሌ መጀመሪያ መሬት እንዲገቡ ከተፈለገ ጥያቄው በግንቦት ለግብርና ጽሕፈት ቤቱ መድረስ አለበት። በሰኔ መጨረሻ ለሚቀርብ የዘር ጥያቄ መልሱ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ማሳው አረም ከለበሰ በኋላ ነው።