ድልድዩ ላይ ይከፈል ወይስ አይከፈል?



ባለፈው ጠቅላላ ስብሰባችን ላይ፣ ወንዙን የምንሻገርበት ድልድይ ይታደስ ዘንድ ኬላ ተተክሎ ከሚያልፈው ሁሉ ገንዘብ ይሰብሰብ የሚል ሐሳብ ቀርቦ፣ ውሳኔው ለሚመጣው ስብሰባ መተላለፉ ይታወሳል። ይህን የምጽፈው በኮሚቴው ስም ሳይሆን በራሴ ነው።

ክርክሩ በእኛ አልተጀመረም። በስኮትላንድ ስካይ የምትባል ደሴት አለች። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1995 ከዋናው ምድር ጋር የሚያገናኛት ድልድይ ተከፈተ። በግል ኩባንያ ገንዘብ የተሠራ ስለሆነ ወጪው የሚመለሰው ባለመኪናውን በማስከፈል ነበር። ድልድዩ ሲከፈት በዚያው ቦታ ያሻግር የነበረው ጀልባ ቆመ። እንግዲህ ሰዉ ምን ያድርግ? ሌላ ቅርብ መንገድ የለውም። ብዙዎች አንከፍልም ብለው ፍርድ ቤት ቀረቡ፤ ከመቶ በላይ ሰዎች ተፈረደባቸው። በመጨረሻ በ2004 መንግሥት ድልድዩን ገዝቶ ክፍያውን አስቀረ። በ2008 ደግሞ እዚያው አገር በፎርዝና በቴይ ድልድዮች ላይ የነበረው ክፍያ ቀረ።

ይከፈል የሚሉትም ዝም ብለው አይደለም። ድልድይ ጥገና ይፈልጋል። ክፍያው ሲቀር ወጪው ከግብር ይወጣል፤ ድልድዩን ረግጦ የማያውቀውም ይከፍላል ማለት ነው። ይኼ እውነት ነው።

በአገራችንም በፈረንጆች አቆጣጠር ከ2014 ጀምሮ የአዲስ አበባ–አዳማ ፈጣን መንገድ አለ፤ ያስከፍላል። ግን አሮጌው መንገድ አልተዘጋም። የቸኮለ ከፍሎ ይሄዳል፣ ያልቻለ በአሮጌው ይሄዳል። ምርጫ አለው። የስካይ ሰው ያጣው ይህንኑ ነው።

ታዲያ የእኛ ድልድይ የትኛውን ይመስላል? ልጆቻችን ትምህርት ቤት፣ ነፍሰ ጡሯ ጤና ጣቢያ፣ እናቶች ገበያ የሚሄዱት በዚሁ ነው። ሌላ መሻገሪያ የለንም። ጎመን ተሸክማ የምትመጣን ሴት ኬላ ላይ አቁሞ ሳንቲም መጠየቅ ነውር ነው እላለሁ።

በሌላ በኩል ድልድዩን ያጎበጠው እግረኛ አይደለም፤ አሸዋና ድንጋይ የጫነው ገልባጭ መኪና ነው። ስለዚህ ሐሳቤ ይኼ ነው። እግረኛ፣ ጋሪና የሰፈር ባጃጅ በነጻ ይለፉ። ወረዳው ከፈቀደ ከባድ መኪና በደረሰኝ ይክፈል። የማሳደሻው ወጪ ሲሸፈን ኬላው ይነሣ፤ የሚነሣበትም ሁኔታ ዛሬውኑ በቃለ ጉባኤ ይጻፍ። ገቢና ወጪው በየወሩ በዚህ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። የጎደለውን በየቤቱ እናዋጣ፤ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው።

የምትቃወሙኝ ካላችሁ ጻፉና ከዚህ ጎን እለጥፈዋለሁ። ስብሰባው ላይ ግን አትቅሩ። ቀርቶ በኋላ ማማረር አይሆንም።

የማኅበሩ ጸሐፊ