ኤች የለበትም

ቅዳሜ ዕለት አጎቴ ቤት የደስታ ቡና ተፈላ። ጋሼ ለምግብ ቧንቧ ካንሰራቸው የታዘዘላቸውን ጨረርና ኬሞ ከጨረሱ ሁለት ወር ሆኗቸዋል። የደም ምርመራቸው ውጤት መጥቶ ልጃቸው ጮክ ብሎ አነበበው፦ «ኤች የሚል አንድም የለበትም! ኮሌስትሮሉማ እንዲያውም ወርዷል!» ሚስታቸው እትዬ እልል አሉ።

የእኛ ሰው የላቦራቶሪ ወረቀት ሲይዝ የሚያስበረግገው ፊደል «ከፍ ብሏል» የሚለው ኤች ብቻ ነው። ስኳር ጨመረ፣ ስብ ጨመረ። «ዝቅ ብሏል» የሚለውን ኤል ማን ከቁብ ይቆጥረዋል? ወረቀቱን ተቀብዬ ወደ ታች ወረድኩ። አልቡሚን 2.8፣ አጠገቡ ኤል። ቀና ስል ዓይኔ ጋሼ ጣት ላይ አረፈ። የጋብቻ ቀለበታቸው እንዳይወልቅ ጥቁር ክር ጠምጥመውበታል።

ወረቀቱም ክሩም አንድ ወሬ ነው የሚያወሩት፦ ጋሼ እየመነመኑ ነው። አልቡሚን ጉበት የሚሠራው ፕሮቲን ነው፤ በተለይ ሰውነት በውስጥ ሲቆጣ፣ ምግብ በእጅጉ ሲያጥርም ሊወርድ ይችላል። በጋሼ ዓይነቱ ካንሰር አልቡሚናቸው ዝቅ ብሎ ሕክምና የሚጀምሩ ሰዎች በጥቅሉ ዕድሜያቸው እንደሚያጥር ጥናቶች ደጋግመው አሳይተዋል። ጃፓናዊው ኦኖዴራ እ.ኤ.አ. በ1984 አልቡሚንን ሊምፎሳይት ከሚባሉት ነጭ የደም ሕዋሳት ቁጥር ጋር ደምሮ የቀዶ ሕክምና አደጋን የሚገምት ስሌት አወጣ። የግላስጎው ሐኪሞች ደግሞ አልቡሚንን የሰውነትን ቁጣ ከሚያሳየው ሲአርፒ ጋር አጣመሩት። ሁሉም ተራ ምርመራዎች ናቸው። ኮሌስትሮልም ቢሆን መዋጥ ያቃተው ሰው ላይ ሲወርድ እልል አይባልለትም። ከወረቀቱ ላይ የጋሼን ዕድሜ ቆጥሮ የሚነግራችሁ ቢመጣ ግን አትስሙት። ቁጥሩ የሚያውቀው ብዙ ሰውን ነው፤ ጋሼን አያውቃቸውም።

«ካንሰርን የሚመግበው ስኳር ነው» ብለው ማሩን ከገበታ ካስነሡት ጎረቤት ጋር ደግሞ አልከራከርም። የንስሐ አባት እንኳ ለታማሚ ያላዘዙትን ጾም አዘዙ!

ገንፎው ሲቀርብ ከእትዬ ጋር የቆየው ጠባችን አገረሸ። እንፋሎቱ ይነሣል። እኔ ከትኩስ ነገር ጋር ቂም አለኝ። ጋሼን የያዘው ካንሰር በአርሲና በባሌ በብዛት ይታያል። የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ተቋምም እ.ኤ.አ. በ2016 ከ65 ዲግሪ በላይ የሚፋጅ መጠጥን ካንሰር ሳያመጡ አይቀሩም ከሚላቸው ጎራ መድቦታል። ይህን ለእትዬ ስነግራቸው፣ «ቀዝቅዞማ ምኑን ገንፎ ሆነ?» አሉኝ። መልስ አጣሁ።

ጋሼ ግን ክርክራችንን ትተው ማንኪያቸውን አነሡ። ከዳር ከዳር በረድ ያለውን እየቆረሱ፣ ከመሀሉ ቅቤ እያጠቀሱ፣ ሰባት ጉርሻ ወሰዱ። ቆጥሬያለሁ።

በሚቀጥለው ቀጠሮ ልጁ ወረቀቱን ያንብብ። እኔ ክሩን ነው የማየው።