ብቻውን የሮጠን ማን ይቀድመዋል?



በየዓመቱ በየካቲት መባቻ ሱፐር ቦል የሚባለው የአሜሪካ እግር ኳስ የፍጻሜ ግጥሚያ ሲያበቃ፣ አሸናፊው ቡድን «የዓለም ሻምፒዮን» ተብሎ ይጠራል። በቤዝቦልም ነገሩ ከዚህ አይለይም፤ ከ1903 ጀምሮ የሚታወቀው የፍጻሜ ውድድር ስሙ «የዓለም ተከታታይ ግጥሚያ» ነው። የሚጋጠሙት ግን የአንድ አገር ከተሞች ናቸው፤ በቤዝቦሉ በኩል ዛሬ ከድንበር ማዶ የምትታከለው የካናዳዋ ቶሮንቶ ብቻ ናት። ዓለም ያልተጠራበት ድግስ የዓለም ድግስ ተባለ ማለት ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በአሜሪካ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ከልጆቻችንና ከሥራ ባልደረቦቻችን ደጋግመን የምንሰማው አንድ አባባል አለ፤ «ዓለም ሁሉ ይህን ጨዋታ ቢጫወትም የሚያሸንፈን የለም» የሚል። ለመሆኑ ይህ እውነት ነውን? ጥያቄው የስፖርት ብቻ ይመስላል፤ ነገር ግን አንድ ሕዝብ ራሱን በምን ሚዛን እንደሚመዝን የሚያሳይ በመሆኑ የፖለቲካም ጥያቄ ነው። እኛንም፣ ወደ መጨረሻው እንደምናየው፣ በቀጥታ ይነካናል።

በመጀመሪያ ለባለ ጨዋታው የሚገባውን እንስጥ። የአሜሪካ እግር ኳስ ዛሬ ወደ ዓለም መድረክ ቢወጣ አሜሪካ ያለ ጥርጥር ቀዳሚ ትሆናለች። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቿ ብቻ አንድ ሚሊዮን ገደማ ወጣቶች ይጫወቱታል፤ ዩኒቨርሲቲዎቿ ግዙፍ ስታዲየሞችና በደመወዝ የሚኖሩ አሠልጣኞች አሏቸው፤ ከዚያ በላይ ደግሞ 32 ቡድኖች ያሉት ኤን.ኤፍ.ኤል. የሚባለው ማኅበር አለ። ይህን የሚመስል መሰላል በሌላ አገር የለም። በ1999 የተጀመረውን የዓለም ሻምፒዮና የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጊዜያት፣ አሜሪካ ባልተካፈለችበት፣ ያሸነፈችው ጃፓን ነበረች። አሜሪካ በ2007 ስትገባ፣ የኤን.ኤፍ.ኤል. ኮከቦቿን ሳታሰልፍ፣ ዋንጫውን ወሰደች። ሆኖም በዚያ የካዋሳኪ ፍጻሜ ጃፓንን የረታችው በጭማሪ ሰዓት፣ 23 ለ20 በሆነ ውጤት፣ በጭንቅ ነበር። በ2011 ካናዳን 50 ለ7፣ በ2015 ደግሞ ጃፓንን 59 ለ12 በማሸነፍ ልዩነቱን አሰፋችው።

እንግዲህ የዛሬው መልስ ግልጽ ነው። የነገው ግን የተለየ ነው፤ ምክንያቱም በዚህ መንገድ ቀድመው የሄዱ ባለ ጨዋታዎች አሉና የእነርሱን ታሪክ መመርመር ይበጃል።

ከእንግሊዝ እንጀምር። የእግር ኳስን ሕግ በ1863 በጽሑፍ ያሰፈሩት እንግሊዛውያን ለረጅም ዘመን ከዓለም ዋንጫ ርቀው ኖሩ፤ ከማን ጋር ይለካካሉ? በ1950 ብራዚል ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሳተፉ ቤሎ ሆሪዞንቴ ከተማ ውስጥ 1 ለ0 ተሸነፉ። ያሸነፋቸውም ብራዚል ወይም ኡራጓይ አልነበረም፤ የአሜሪካ ቡድን ነበር እንጂ! ግቧን ያስቆጠረው ጆ ጌትጀንስ የሄይቲ ተወላጅ ነው። ይህ የአጋጣሚ ነገር ነው ተብሎ ታለፈ። በኅዳር 1953 ግን ሃንጋሪ ወደ ዌምብሌይ መጥታ እዚያው በገዛ ሜዳቸው 6 ለ3 ረታቻቸው፤ በሚቀጥለው ዓመት ቡዳፔስት ላይ ደግሞ 7 ለ1 ደገመቻቸው። አጥቂው ናንዶር ሂደግኩቲ ወደ ኋላ እያፈገፈገ ሲጫወት የእንግሊዝ ተከላካዮች ይከተሉት ወይስ ይተዉት እንደሆነ መወሰን ተሳናቸው። ባለቤቶቹ በገዛ ጨዋታቸው እንግዳ ሆኑ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሽንፈቱ ይልቅ የሚያስተምረው ሌላ ነው። ለሃንጋሪ እግር ኳስ መሠረት ከጣሉት አሠልጣኞች አንዱ ጂሚ ሆጋን የተባለ እንግሊዛዊ ነበር። ቡዳፔስት ውስጥ ያስተማረውን ትምህርት የገዛ አገሩ ሰዎች ቁብ ሳይሰጡት ባዕዳን ተቀበሉት። ባለቤትነት የሚያመጣው በሽታ ይህ ነው፤ «የእኔ ነው» የሚል ሰው «ገና እማራለሁ» ማለት ያቅተዋል።

ወደ ጃፓን እንሻገር። ጁዶን በ1882 የመሠረተው ጃፓናዊው ጂጎሮ ካኖ ነው። ጃፓን ኦሎምፒክን በ1964 ስታዘጋጅ ጁዶ ለመጀመሪያ ጊዜ በውድድሩ ተካተተ። ከአራቱ ምድቦች ሦስቱን ጃፓናውያን አሸነፉ። ነገር ግን ሕዝቡ ከሁሉ አብልጦ የተመኘው የክብደት ገደብ የሌለበትን ምድብ ነበር፤ ትክክለኛው ጁዶ የሰውነትን ግዝፈት ያሸንፋል ተብሎ ይታመን ነበርና። በጥቅምት 23 ቀን ሆላንዳዊው አንቶን ጌሲንክ አኪዮ ካሚናጋን መሬት ላይ አጣብቆ ወርቁን ወሰደ። ደጋፊዎቹ በደስታ ወደ ምንጣፉ ሊሮጡ ሲሉም እጁን አንሥቶ ገታቸው። የጃፓንን ጨዋታ ብቻ ሳይሆን የጃፓንን ሥርዓትም ተምሮ ነበር የመጣው።

የቅርጫት ኳስንም እንይ። ጨዋታው በ1891 በማሳቹሴትስ ግዛት ተወለደ፤ የፈለሰፈው ጄምስ ኔይስሚዝ በትውልዱ ካናዳዊ ቢሆንም። በኦሎምፒክ ከ1936 ጀምሮ እስከ 1972ቱ የሙኒክ ፍጻሜ ድረስ አሜሪካ አንድም ጨዋታ አልተሸነፈችም። በሙኒክ ሶቪየት ኅብረት 51 ለ50 በሆነ እስከ ዛሬ በሚያከራክር ውጤት አሸነፈቻት። በ1992 ባርሴሎና ላይ ምርጥ ኮከቦቿን ልካ ዓለምን አንቀጠቀጠች። ዓለም ግን ተንቀጥቅጦ አልቀረም፤ ቁጭ ብሎ ተማረ። በ2004 አቴንስ ላይ ፑዌርቶ ሪኮ 92 ለ73 ረታቻት፤ ወርቁም የአርጀንቲና ሆነ። በ2023ቱ የዓለም ዋንጫ በጀርመን ተሸንፋ በአራተኛነት ጨረሰች። የአሜሪካው ሊግ በየዓመቱ የሚመርጠው ኮከብ ተጫዋች ከ2019 እስከ 2025 ለሰባት ተከታታይ ዓመታት ከአሜሪካ ውጭ የተወለደ ሰው ነበር፤ የግሪክ፣ የሰርቢያ፣ የካሜሩንና የካናዳ ልጆች ናቸው። በቤዝቦልም ከ2006 እስከ 2023 ከተካሄዱት አምስት የዓለም ክላሲክ ውድድሮች ጃፓን ሦስቱን ስትወስድ አሜሪካ ያሸነፈችው አንዱን ብቻ ነው።

አንዳንድ አንባቢ «አሜሪካ እኮ ከ2008 እስከ 2024 የኦሎምፒክን የቅርጫት ኳስ ወርቅ በወንዶች ለማንም አሳልፋ አልሰጠችም፤ ጃፓንም በ2021 በተካሄደው የቶኪዮ ኦሎምፒክ በጁዶ ዘጠኝ ወርቅ አግኝታለች» ሊል ይችላል። ትክክል ነው። ይህ ግን የምለውን ያጠናክረዋል እንጂ አያፈርሰውም። ሁለቱም ከላይ የቆዩት ጨዋታው የእነርሱ ስለሆነ አይደለም፤ ሽንፈትን ከቀመሱ በኋላ ከትምህርት ቤት ሜዳ ጀምረው ስለሠሩ ነው። አሜሪካም በ2024 ፓሪስ ላይ በግማሽ ፍጻሜው ሰርቢያን ለማለፍ 95 ለ91 መታገል ነበረባት። መምራትና ብቻውን መሆን የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

እንግዲህ ወደ አሜሪካ እግር ኳስ እንመለስ። ይህ ጨዋታ ከሌሎቹ ቀስ ብሎ ይስፋፋል ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱ የአሜሪካውያን የደም ልዩነት ሳይሆን ዋጋው ነው። አንድ ቡድን 53 ተጫዋቾች ይመዘግባል፤ እያንዳንዱ የራስ ቁርና የትከሻ መከላከያ ያስፈልገዋል። የጨርቅ ኳስ እየጠቀለለ የሚያድግ የድሃ ልጅ ይህን አይደርስበትም። በሩን ያገኘ ሲገኝ ግን ምን እንደሚሆን አይተናል። ናይጄሪያዊው ክርስቲያን ኦኮዬ ወደ አሜሪካ የሄደው አሎሎና ዲስከስ ለመወርወር ነበር፤ ጨዋታውን የተማረው በኮሌጅ ሲሆን በ1989 ኳስ ይዞ በመሮጥ የኤን.ኤፍ.ኤል. ቀዳሚ ሆነ። አውስትራሊያዊው ጆርዳን ማይላታ በራግቢ ያደገ ሰው ነው፤ በ2018 ሲመረጥ አንድም የአሜሪካ እግር ኳስ ግጥሚያ ተጫውቶ አያውቅም ነበር። በየካቲት 2025 ከፊላደልፊያ ቡድን ጋር የሱፐር ቦል አሸናፊ ሆነ። አንድ ሰው ዘግይቶ ጀምሮ ይህን ካደረገ፣ ከሕፃንነታቸው የሚጀምሩ ሚሊዮኖች ምን ያደርጋሉ?

ዋጋው ሲወርድ የሚሆነውን ደግሞ ከአሁኑ ማየት ጀምረናል። ቁርና መከላከያ የሌለው፣ አምስት አምስት ሆነው ከወገብ ላይ ጨርቅ በመንጠቅ የሚጫወቱት ዓይነት በ2028 በሎስ አንጀለስ ኦሎምፒክ እንዲካተት ተወስኗል። በዚሁ ጨዋታ በ2022 የዓለም ጨዋታዎች፣ በአሜሪካዋ በርሚንግሃም ከተማ፣ የሜክሲኮ ሴቶች አሜሪካውያቱን በፍጻሜው 39 ለ6 ረቷቸው። በ2024ቱ የዓለም ሻምፒዮና አሜሪካውያቱ ብድራቸውን መለሱ፤ በ2025 ቼንግዱ ላይ ደግሞ ሜክሲኮ እንደገና አሸነፈች። አንዴ ይህች፣ አንዴ ያቺ! የሙሉው ጨዋታም ዕጣ፣ በሩ ሲከፈትለት፣ ከዚህ የሚለይ አይመስለኝም። አንድ ወይም ሁለት ትውልድ አሜሪካ ትገዛለች፤ ከዚያ በኋላ ከሌሎች ጋር ትፎካከራለች።

በሩን ላለመክፈት የመረጠም አለ። የጃፓኑ ሱሞ ትግል ከሃዋይና ከሞንጎሊያ የመጡ ታጋዮች ሲበረቱበት እያንዳንዱ የታጋዮች ቤት ከአንድ በላይ የውጭ ተወላጅ እንዳይቀበል ወሰነ። ሆኖም ከ2006 በኋላ እስከ ጥር 2016 ድረስ በጃፓን የተወለደ ታጋይ አንድም ከፍተኛ ውድድር አላሸነፈም። አጥር እንግዳውን ይቀንሰዋል፤ የቤቱን ልጅ ግን አያጠነክረውም።

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ። እኛ የራሳችን ጨዋታ አለን፤ ገና። በበዓሉ ሰሞን በየሜዳው በዱላ ሩር እየተመታ የሚደምቅ፣ ጌታና ሎሌ እኩል የሚሆኑበት ጨዋታ። በእርሱ ከዓለም አንደኛ መሆናችንን ማንም አይጠራጠርም፤ ማንም ደግሞ አያውቀውም። ስማችንን ዓለም የሰማው የእኛ ባልሆነው ነው። ማራቶን በ1896 አቴንስ ላይ ተጀመረ፤ የመጀመሪያውን ግሪካዊው ስፒሪዶን ሉዊስ አሸነፈ፤ ከዚያ ወዲህ አንድም የግሪክ ልጅ የኦሎምፒክ ማራቶንን አላሸነፈም። በ1960 ሮም ላይ ያሸነፈው አበበ ቢቂላ ነው፤ ከአሠልጣኙ ከኦኒ ኒስካነን፣ ከስዊድን ከመጣ ሰው ተምሮ። በ1964ም ቶኪዮ ላይ ደገመው፤ ጌሲንክ ጃፓናውያንን ከማሸነፉ ሁለት ቀን አስቀድሞ መሆኑ ነው። በ1968 ማሞ ወልዴ ሦስተኛውን ጨመረ። የእኛ ድል ክብር ያገኘው ለሁሉም ክፍት በሆነ ጎዳና ላይ ስለተገኘ ነው።

ታዲያ ዛሬ ምን እንላለን? «ሩጫ በደማችን ነው፤ በአሥር ሺህ ሜትር ማን ይደፍረናል?» እንላለን። እስቲ መዝገቡን እንግለጥ። በወንዶች የኦሎምፒክ አሥር ሺህ ሜትር 1996ና 2000 የኃይሌ፣ 2004ና 2008 የቀነኒሳ ነበሩ። ከዚያ በኋላ ሁለቱን ለብሪታንያ የሮጠው ሞ ፋራህ ወሰደ፤ ቶኪዮ ላይ ሰለሞን ባረጋ አስመለሰው፤ በ2024 ፓሪስ ላይ ደግሞ ኡጋንዳዊው ጆሹዋ ቼፕቴጌይ ወሰደው። ቀነኒሳ ለ15 ዓመታት የያዘውን የዓለም ክብረ ወሰንም በ2020 የሰበረው ይኸው ሰው ነው። የደም ነገር ቢሆን ኖሮ ደራርቱ፣ ፋጡማ፣ ቀነኒሳና ጥሩነሽ ሁሉ ከአንዲት የአርሲ ከተማ፣ ከበቆጂ፣ ለምን ይገኛሉ? በቆጂ ውስጥ የተገኘው ልዩ ነገር ሰንታየሁ እሸቱን የመሰለ፣ ሕፃናትን ጎሕ ሲቀድ ሜዳ ላይ የሚያሰልፍ መምህር ነው። መምህሩን ትተን በደሙ ብንኩራራ የእንግሊዝ ዕጣ ይደርሰናል።

ነገሩ ከሜዳም ይሰፋል። በገዛ አጥሩ ውስጥ ራሱን ብቻ እየለካ «ቀዳሚ ነኝ» የሚል መንግሥት፣ ፓርቲ፣ ሕዝብ ሁሉ ሱፐር ቦልን አሸንፎ ዓለምን አሸነፍሁ እንደሚል ቡድን ነው። በሦስት ሺህ ዘመን ታሪካችን ስንመካ፣ ያንን ታሪክ ከማን ጋር አወዳድረን እንደሆነ ራሳችንን ብንጠይቅ ክፋት የለውም። የሚወዳደር ሰው ሊሸነፍ ይችላል፤ የሚማረውም እርሱ ብቻ ነው። ብቻውን የሮጠን ማንም አይቀድመውም፤ ፈጣን መሆኑን ግን እርሱም አያውቀውም።

ቸር ይግጠመን።